የዲዳ ኮቤና «ተፈቅዷል» የሚለው ቃል

በ1955 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ በአንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ጡረተኛው መቶ አለቃ በላይነህ በአንድ እጃቸው የኖራ ባልዲ፣ በሌላው የጆንያ ከረጢት አንጠልጥለው ከቤታቸው ወጡ። ሲወጡ ተቆጥተው ነበር። ነገሌ ቦረና ውስጥ መቶ አለቃን ሳይቆጡ ያየ ሰው እምብዛም አይገኝም፤ የዚያን ዕለቱ ቁጣ ግን ከወትሮው የባሰ ነበር። ከማክሰኞ ወዲህ ከተማው በሹክሹክታ ሲያማቸው ሰንብቷል። ሐሜት ደግሞ ፊት ለፊት መጥቶ እንደምን አደሩ ስለማይል፣ የሚቆጡት ሰው አጥተው በበራቸው፣ በቁልፋቸውና በኖራ ባልዲያቸው ላይ ሲቆጡ ነበር ያረፈዱት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይርጋለም ላይ ለሚደረገው የጠቅላይ ግዛቱ የሩጫ ውድድር ከነገሌ አንድ ሯጭ እንዲላክ ደብዳቤ መጣ። የከተማው ሰዎች ኮሚቴ መረጡ፤ ሰብሳቢውም፣ ፊሽካ ስላላቸውና ድምፃቸው ከጦር ሰፈሩ እስከ ገበያው ስለሚሰማ፣ መቶ አለቃ ሆኑ። ማክሰኞ ማጣሪያ ተደረገ። ዲዳ የሚባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት የቦረና ጎረምሳ፣ ከብት ሲከተል ቆይቶ ዘግይቶ ትምህርት የጀመረ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ፣ ሌሎቹን ከመንገዱ ጥምዝ ወዲያ አስቀርቶ አንደኛ ገባ። የገባው ግን ኮቤ ተጫምቶ ነው። ኮቤ ቦረናዎች ከበሬ ቆዳ የሚሠሩት ጠፍጣፋ ጫማ ነው።

መቶ አለቃ ይህን ሲያዩ ፊሽካቸውን ነፍተው «አባቶቻችን ያለ ጫማ ነው የሮጡት፤ ተሰርዟል» አሉ። ኮቤውን አስወልቀው በዚያው በጆንያ ከረጢታቸው ከተቱና እዚያው በባዶ እግሩ እንደገና እንዲሮጥ አዘዙት። ዲዳ ሮጠ። በሦስተኛው ዙር አዲስ የፈሰሰው ኮረት የግራ እግሩን መርገጫ ሰነጠቀው፤ ተቀመጠ። «ቅዳሜ ከሌሎቹ ጋራ በባዶ እግርህ ካልሮጥክ ስምህ ይፋቃል» ብለውት ሄዱ። ይርጋለም ላይ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጣ እዚያው በአዳሪነት እንዲማር ቃል ተገብቶ ነበር፤ ዲዳ ትምህርቱን የሚቀጥልበት ሌላ መንገድ እንደሌለው የማያውቅ አልነበረም።

እንግዲህ መቶ አለቃ የቅዳሜውን መነሻ መስመር በኖራ ሊያሰምሩ ሲሄዱ፣ ከነጋዴው ከከሊፋ ሱቅ አምስት መቶ እርምጃ ያህል ሲቀራቸው፣ ከመስቀለኛው መንገድ የዓለምወርቅ ብቅ አለች። የዓለምወርቅ የክሊኒኩ ድሬሰር ናት፤ ሟቹ አባቷ ከመቶ አለቃ ጋራ በአንድ ሻለቃ ያገለገለ ወታደር ነበር። በእጇ የመድኃኒት ሣጥን ይዛለች።

«እንደምን አደሩ ጋሼ በላይነህ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። በጠዋቱ ወዴት ነው?»

«እግር ላጥብ።»

«የማንን እግር?»

«የሚያውቁትን እግር ነው ጋሼ። የዲዳን።»

መቶ አለቃ ባልዲውን መሬት ላይ አኖሩት። ከማክሰኞ ጀምሮ የሚቆጡት ሰው ሲፈልጉ ነበርና በልባቸው ደስ ሳይላቸው አልቀረም።

«አባትሽ ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር? ልጁ የአንድ ጎረምሳ እግር ይዛ ስታሽ።»

«አባቴማ መጀመሪያ ማን እንዳቆሰለው ነበር የሚጠይቀኝ።»

«ማንም አላቆሰለውም። ጠጠር ነው።»

«ጠጠሩ ኮቤውን አላስወለቀውም ጋሼ።»

ልጅቱ ይህን ያለችው ድምፅዋን ሳታነሳ፣ አንገቷን እንደ ልጅነቷ ዝቅ አድርጋ ነው። መቶ አለቃ የሚጮህ ሰው ቢገጥማቸው ይችሉታል፤ ሠላሳ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጮህባቸውም ችለው ያውቃሉ። ዝቅ ብሎ የሚቆጣ ሰው ግን አልለመዱም።

«ቤትዎ ልመጣ ነበር፤ መንገድ ላይ አገናኘን» ብላ ቀጠለች። «አንድ ነገር ልለምንዎ። የማክሰኞውን ውጤት ያጽድቁለትና ዲዳ ቅዳሜ አይሩጥ። እግሩ ሦስት ሳምንት ካረፈ ይድናል፤ የይርጋለሙ ሩጫ ደግሞ አምስት ሳምንት ይቀረዋል። ቅዳሜ ከሮጠ ቁስሉ ይከፈታል። ይህ መንገድ ጠዋትና ማታ ከብት የሚነዳበት ነው፤ በፋንድያ ላይ የተከፈተ ቁስል መንጋጋ ቆልፍ ያመጣል። መንጋጋ ቆልፍ የያዘው ሰው እኔ አይቻለሁ። አንቱ እንዲያዩ አልመኝም።»

«አይሩጥ እንግዲህ። ማን ገፋው? ካመመው ይቅር።»

«ከቀረ ስሙ ይፋቃል ብለዋል። እሱም ትናንት ፋሻውን ስፈታለት እሮጣለሁ አለኝ።»

«እንዲህ ነው ወንድ!»

«ወንድነቱንማ ማክሰኞ አንደኛ ሲወጣ አሳይቶ ነበር። ሰረዙበት።»

መቶ አለቃ ባልዲያቸውን አንስተው መንገዳቸውን ቀጠሉ፤ የዓለምወርቅም ከጎናቸው ሄደች። ከዚህ በኋላ የተነጋገሩትን መንገድ ዳር የነበሩ ሴቶች ሁሉ ሰምተዋል፤ መቶ አለቃ ምስጢር የሚነጋገሩበት ድምፅ የላቸውምና።

«ስሚ የዓለምወርቅ። ሮማ ላይ ዓለምን ሁሉ ከኋላው ያስከተለው የእኛ ልጅ በምን ሮጠ? በባዶ እግሩ አይደለም? በከሊፋ ራዲዮ አብረን አልሰማንም? አንቺም ስታጨበጭቢ አይቼሻለሁ።»

«አጨብጭቤያለሁ፤ ዛሬም አጨበጭባለሁ። ግን ያሸነፈው ባዶ እግሩ ነው ወይስ ሳንባው? ባዶ እግር የሚያሸንፍ ቢሆን ኖሮ በገበያ ቀን የሚመጣው ሰው ሁሉ ሜዳልያ አንጠልጥሎ ይመጣ ነበር። ደግሞም እሱ በባዶ እግሩ የሮጠው ራሱ መርጦ ነው። ፊሽካ ነፍቶ ጫማውን ያስወለቀው ሰው አልነበረም።»

«ጫማ የለመደ እግር እንደ ሕፃን ጉንጭ ይለሰልሳል። እኛ አገር ያቆምነው በዚህ በባዶ እግራችን ነው።»

«ያቆማችሁት አፈር ላይ ነው ጋሼ። ይህን ይመልከቱልኝ።» ጎንበስ ብላ ከመንገዱ አንድ ድንጋይ አነሳች። «ይህ ባለፈው ወር ባለሥልጣን ይመጣል ተብሎ የፈሰሰ ነው። የወንዝ ጠጠር ቢሆን ውኃ ስላሸው ክብ ይሆን ነበር። ይህን ግን በመዶሻ ነው የሰበሩት፤ ጎኑ ሁሉ ስለት ነው። አባቶቻችን እንዲህ ያለ መንገድ አያውቁም። ለመኪና ጎማ የተሠራ ነገር ላይ የሰው ሥጋ አስሩጠን፣ ሲቆረጥ ጀግንነት አነሰህ እንለዋለን። ክሊኒክ ይምጡና የተማሪዎቹን እግር ይዩ። ግማሹን ሙጃሌ በልቶታል፣ ግማሹን እሾህ መግል አስይዞታል። እኔ የማጥበው እኮ የዲዳን ብቻ አይደለም።»

«ድሮም እሾህ ነበረ። ድሮም ሙጃሌ ነበረ።»

«ድሮም እግሩ የተቆረጠ ነበረ ጋሼ። ዘፈን ስላልወጣለት ረሳችሁት።»

መቶ አለቃ ቆሙ። ፊታቸው ደም መሰለ።

«እኔን ነው እናንተ የምትይኝ? እኔ የረሳሁት ሰው የለም።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን ተቆጥቻለሁ፤ መቆጣቴን አልደብቅዎትም። አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎትና ይምቱኝ። ማክሰኞ መንገድ ዳር ቆመው ፊሽካ ሲነፉ ምን ተጫምተው ነበር?»

መቶ አለቃ ሳያስቡት ወደ ታች ተመለከቱ። ቦት ጫማቸው እዚያው ነበር፤ ከጦር ሠራዊት ሲሰናበቱ የያዙት፣ በየጠዋቱ የሚቀቡት፣ ሶሉ ሁለት ጊዜ የታደሰ ጥቁር ቦት።

አንድ ሰው ሐሰተኛ ከተባለ ይከራከራል፤ ሰነፍ ከተባለም ይከራከራል። ራሱ ያላየውን ነገር ሲያሳዩት ግን መልሱ ብዙ ጊዜ እልህ ነው። መቶ አለቃም መንገድ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው የቦት ጫማቸውን ማሰሪያ ይፈቱ ጀመር።

«ጋሼ፣ ይተዉ። ለዚህ አይደለም ያልኩት።»

«ተይኝ። ከዚህ እስከ ከሊፋ ሱቅ በባዶ እግሬ ሄጄ አሳይሻለሁ። ስልሳ ዓመቴ ነው። እኔ ከሄድኩ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ይሮጣል። ከዚያ በኋላ አፍሽን ትይዣለሽ፤ ተስማማን?»

«ካልሄዱስ?»

«እሄዳለሁ አልኩሽ።»

ሁለቱን ቦቶች በማሰሪያቸው አያይዘው አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉ፤ ባልዲውንና ጆንያውን ይዘው ተነሡ። የመጀመሪያውን ሃምሳ እርምጃ እንደ ሰልፍ ሄዱት። እንዲያውም ዞር ብለው ልጅቱን ለማየት ጊዜ አገኙ። ሰባኛው ላይ ግን እርምጃቸው አጠረ። ጣታቸውን ቆልመም አድርገው መርገጥ ጀመሩ። ድንጋዮቹ የተማከሩ ይመስል፣ አንዱን ሲሸሹ ሌላው ይቀበላቸዋል። በልባቸው እግሬ ምን ነካው አሉ። ሃያ ዓመት ሙሉ በቦት ውስጥ እንዳሳደሩት ትዝ ሲላቸው እግራቸውንም ተቆጡት።

ከጦር ሰፈር የሚመጡ ሁለት ወታደሮች ሰላምታ ሊሰጡ ቀጥ ብለው ቆሙና፣ ዓይናቸው ወደ ታች ሲወርድ እጃቸው መሐል መንገድ ላይ ቀረ። መቶ አለቃ ሰላምታውን መለሱ። በመለሱበት ቅጽበት አንድ ስለታም ድንጋይ ተረከዛቸው ውስጥ ገባ። አልጮኹም። ጥርሳቸውን ነክሰው ሄዱ። የዓለምወርቅ ከኋላ ሆና በነጩ ኮረት ላይ በየሁለት እርምጃው የቀረውን ቀይ ምልክት ታይ ነበር።

ሱቁ በር ላይ ከሊፋ ቆሞ ነበር።

«መቶ አለቃ፣ ቤተ ክርስቲያን ወደ እኔ ሱቅ ዞረ እንዴ? ጫማ አውልቀው መጡሳ።»

«ዝም በል ከሊፋ። ወንበር አምጣ።»

ከሊፋ ደሙን ሲያይ ሳቁን ትቶ ወንበር አመጣ። የዓለምወርቅ ሣጥኗን ከፍታ ተንበረከከች። አዮዲኑ ቁስሉን ሲነካው መቶ አለቃ የወንበሩን እጅ ጨብጠው ሰማይ ሰማይ አዩ። እጇ አልራራም፤ ቁጣዋ ገና አልበረደምና አጥብቃ ነበር የምትጠርገው።

«ስንት እርምጃ ሄዱ ጋሼ?»

«ሦስት መቶ።»

«እየተራመዱ። እሱ ከትምህርት ቤት እስከ ጦር ሰፈር ደርሶ መልስ ሦስት ዙር ነው የሮጠው፤ ያውም አስቀድሞ አምስት ዙር በኮቤው ሮጦ ከጨረሰ በኋላ።»



በሱቁ ጥላ ሥር አንድ ረጅም ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። የዲዳ አጎት ናቸው፤ ስማቸው ጎዳና ይባላል። የወንድማቸውን ልጅ እግር ወሬ ሰምተው ከበረሃ የመጡት ትናንት ነው። አማርኛን ያወቁት በገበያ ስለሆነ ለንጉሥም ቢሆን አንተ ከማለት ወደኋላ አይሉም።

«ናጋ፣ መቶ አለቃ» አሉ በአገራቸው ሰላምታ።

«ናጋ» አሉ መቶ አለቃ በግድ።

«አመመህ?»

«አንተ አትበለኝ።»

«እሺ። አመመህ?»

ከሊፋ ፊቱን ወደ ስኳር ጆንያው አዞረ። መቶ አለቃ ሊቆጡ አሰቡና የሽማግሌው ዓይን ላይ ቀልድ አጡበት። ጎዳና ቀኝ እግራቸውን ዘርግተው ኮቤያቸውን አሳዩ።

«አንተ ማክሰኞ ለዲዳ 'አባቶቻችን ያለ ጫማ' አልከው አሉ። የማን አባት? የእኔ አባት ኮቤ ነበረው። የአባቴም አባት ኮቤ ነበረው። ይህ አገር እሾህ ነው። ከብት እሾህ ውስጥ ይገባል፣ እኛ ከኋላ እንገባለን። ያለ ኮቤ ከብት የሚከተል ሰው እኔ አላየሁም። አንተ ከደጋ መጣህ፣ የደጋ አባትህን ለዲዳ ሰጠኸው። የእሱን አባት ግን በጆንያ ከተትከው።»

መቶ አለቃ ጆንያውን ከወንበሩ ሥር ገፋ አደረጉት።

«የዲዳን ኮቤ እኔ ሠራሁት» አሉ ጎዳና። «ቡሬ የሚባል በሬ ነበረኝ፤ የአንገቱ ቆዳ ነው። ወንድሜ ልጁን ትምህርት ቤት ሲሰጣችሁ አስተምሩት አለ። እግሩን ውሰዱ አላለም። እኔ ልቆጣ መጣሁ። አሁን ግን አንተም ደም አለህ። ደም ያለው ሰው ላይ እንዴት እቆጣለሁ? ቁጣዬን ይዤ ልመለስ?»

ይህ ንግግር ከልጅቱ ክርክር ይልቅ መቶ አለቃን ወጋቸው። ሃያ ዓመት በዚህ ቆላ ኖረዋል፤ የዚህ አገር ሰው እግሩን በምን እንደሚሸፍን አይተው አያውቁም ነበር። ማየቱንማ አይተዋል፤ ግን ጫማ ብለው አልቆጠሩትም፤ የቆጠሩት ማክሰኞ ሊሰርዙት በፈለጉ ጊዜ ብቻ ነው። ሆኖም አንድ የመጨረሻ ምሽግ ቀርቷቸው ነበር። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አራት ቦታ የታጠፈውን የይርጋለሙን ደብዳቤ አወጡ።

«እሺ። እኔ ክፉ ሰው ነኝ እንበል። ግን ይህን ያመጣሁት ከልቤ አይደለም፤ ከበላይ የታዘዝኩት ነው። አንብቢላቸው።»

የዓለምወርቅ አነበበች። «ተወዳዳሪዎች በባዶ እግራቸው እንዲሮጡ ተፈቅዷል።»

«በቃ። የበላይ ከፈቀደ እኔ ማን ነኝና ኮቤ አስገባለሁ?»

የዓለምወርቅ ወረቀቱን ደግማ አየችው፤ ከዚያ መቶ አለቃን አየቻቸው። የሁለት ቀን ቁጣዋ የሚይዘው ነገር ያጣው ያን ጊዜ ነው።

«ጋሼ፣ ይህ እኮ ጫማ የሌለው አይከልከል ማለት ነው። ጫማ ያለው ያውልቅ አላለም።»

«ፈቃድ ምን እንደሆነ አንቺ አታስተምሪኝም። 'ፈቃድህ ይሁን' ብለሽ ስትጸልዪ ምን ማለትሽ ነው? ቢሆንም ባይሆንም ግድ የለኝም ማለትሽ ነው? የጌታ ፈቃድ የጌታ ትእዛዝ ነው። እኛ ያደግነው በዚህ ነው።»

በዚህስ እውነት አላቸው። መቶ አለቃ ያደጉበት ቋንቋ ውስጥ ፈቃድ ከላይ የሚወርድ ነገር ነው፤ የሚቀበሉት እንጂ የሚመርጡበት አይደለም። እሷ በተማረችበት ቋንቋ ደግሞ ፈቃድ የተከፈተ በር ነው፤ የፈለገ ይገባል፣ ያልፈለገ ያልፋል። አንድ ቃል ሁለት ሰዎች ዘንድ ሁለት ሆኖ ሲኖር፣ በመካከሉ የአንድ ጎረምሳ እግር ተሰነጠቀ።

ከሊፋ ነበር የተናገረው። ግድግዳው ላይ በመስታወት ውስጥ የተሰቀለውን ወረቀት በጣቱ ጠቆመ።

«እኔ የእናንተን ጸሎት አላውቅም መቶ አለቃ። ይህን ግን አውቃለሁ። የንግድ ፈቃድ ይላል። ጨው፣ ስኳርና ላምባ እንድሸጥ ተፈቅዶልኛል። ትናንት ላምባ አልቆብኝ አልሸጥኩም። ታዲያ ፖሊስ ለምን አልያዘኝም?»

«ፖሊሱ ሰነፍ ስለሆነ።»

«ጁምዓ ለስግደት ስዘጋስ?»

መቶ አለቃ ሊመልሱ ሲሉ የዓለምወርቅ ቀደመች። «ጋሼ፣ ሠራዊት ውስጥ ሳሉ የዕረፍት ፈቃድ ወስደው ያውቃሉ?»



ወስደው ያውቃሉ። አሥር አለቃ ሳሉ አዛዣቸው ጠርተው «በላይነህ፣ የአሥራ አምስት ቀን ፈቃድ ተሰጥቶሃል» አሏቸው። አገራቸው ሩቅ ነው፤ በአሥራ አምስት ቀን ደርሶ መመለስ አይቻልም፤ በዚህ አገር ደግሞ የሚያውቁት ዘመድ የለም። ግን ተሰጥቶሃል ተባሉ። ብርድ ልብሳቸውን ጠቅልለው ወጡና ከጦር ሰፈሩ በር ፊት ለፊት ካለው ግራር ሥር ተቀመጡ። አሥራ አምስት ቀን ዘበኛው በሚሰጣቸው ዳቦ ኖሩ። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ገብተው ሰላምታ ሲሰጡ የጦር ሰፈሩ ሰው ሁሉ ሳቀ። ስለከሱ የሳቀባቸው መስሏቸው ነበር። እስከዚች ሰዓት ድረስ እንደዚያ ነበር የሚመስላቸው።

«የዓለምወርቅ» አሉ፤ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከሱቁ በር ሳያልፍ ቀረ። «ፈቃድ ሲሰጠኝ፣ አልወጣም፣ እዚሁ አልጋዬ ላይ ልቆይ ብል ኖሮ...»

«ይችሉ ነበር ጋሼ።»

«ማንም አይቆጣኝም ነበር?»

«ማንም።»

 መቶ አለቃ በዚያው በቆሰለው እግራቸው የኖራውን ባልዲ በእርግጫ መቱት፤ ባልዲው ተንከባሎ መንገዱ ላይ ነጭ ኖራ ደፋ። ማንንም አልተቆጡም፤ ወይም የተቆጡት እዚያ ያልነበረ አንድ ሰው ላይ ነው፤ ከግራር ሥር ብርድ ልብስ ታቅፎ የተቀመጠ ቀጭን አሥር አለቃ ላይ።

«ስንት ነገር ነው» አሉ፣ «ያልታዘዝኩትን የታዘዝኩት። እኔስ ልሁን። ደግሞ ለልጅ ማውረሴ።»

«ልጁ ገና ነው ጋሼ። ቁስሉ ንጹሕ ነው፤ ሦስት ሳምንት ይበቃዋል። ቅዳሜን ብቻ ይማሩት።»

«ቅዳሜ ሩጫ የለም። የማክሰኞው ጸድቋል። ሂጂ ንገሪው።» ትንሽ አሰቡና «ቆይ፣ አትንገሪው። ያስወለቅሁት እኔ ነኝ፤ እኔ እነግረዋለሁ» አሉ።

ተነሥተው ቦት ጫማቸውን ሊያጠልቁ ሞከሩ። በፋሻ የተጠቀለለው እግር አልገባ አለ። አንድ ጊዜ ገፉት፣ ሁለት ጊዜ ገፉት፤ ተረከዛቸው ደም አወጣና ተዉት። ከዚያ ጆንያውን ከወንበሩ ሥር ስበው የዲዳን ኮቤ አወጡና ለጎዳና ዘረጉ።

«እንካ። የልጅህ ነው።»

ጎዳና ኮቤውን ተቀበሉ፤ አቧራውን በመዳፋቸው ጠረጉ፤ ጎንበስ ብለውም ከመቶ አለቃ እግር ሥር አኖሩት።

«የልጁ ቤት ሩቅ ነው። በምን ልትሄድ?»

«ይህንን? እኔ?»

«ቡሬ ጥሩ በሬ ነበር። ይችልሃል።»

መቶ አለቃ ወደ ከሊፋ አዩ፤ ከሊፋ ጣራውን ያይ ነበር። ወደ የዓለምወርቅ አዩ፤ ሣጥኗን ትዘጋ ነበር። አጠለቁት። ጠፍሩን ጎዳና አሰሩላቸው። ከሊፋን ሱቁ ላይ ትተው ሦስቱም በዚያ በኮረት መንገድ ላይ ወደ ዲዳ ማደሪያ ሲሄዱ ያየ ሰው፣ መቶ አለቃ እግራቸውን ሲያነሱ ሳይሆን ሲያሳርፉ ፊታቸው እንደሚገረም ተናግሯል።

ዲዳ ተጋድሞ አገኙት። መጀመሪያ ያየው እግራቸውን ነው።

«አባባ፣ የእኔ ኮቤ ነው» አለ።

«ነው። አጥፍቻለሁ። ይርጋለም በእሱ ትሮጣለህ። እስከዚያ ድረስ ከዚህ አልጋ ብትወርድ ግን እኔ ነኝ የምመታህ።»

ዲዳም በሦስተኛው ሳምንት ቆመ፤ በአምስተኛው ሳምንት ኮቤውን ተጫምቶ በጭነት መኪና ወደ ይርጋለም ሄደ፤ ሁለተኛ ወጥቶም እዚያው ለትምህርት ቀረ። ነገሌ ላይ የቀረውም ነገር ጥቂት አይደለም። መቶ አለቃ ተማሪዎቹን አስተባብረው ከመንገዱ ዳር ኮረቱን በአካፋ አስጠረጉና አፈሩን ደልድለው ለሯጭ የሚሆን ቀጭን መስመር አወጡ። ጫማ የሌለው በዚያ ይሮጣል፤ ሸራ ጫማ ያለው በሸራው፣ በረባሶ ያለው በበረባሶው፣ ኮቤ ያለው በኮቤው ይሮጣል። የዓለምወርቅ ከሩጫ በፊትና በኋላ እግር በሳሙና እንዲታጠብ አስለመደች፤ በክረምት ወራት ተማሪ በእግሩ ምክንያት ከክፍል መቅረቱ እየቀነሰ መጣ። ለሩጫ የሚመዘገበው ጎረምሳም በዛ፤ መሮጥ የሚወድ ሁሉ መቁሰል ይወዳል ማለት አይደለምና። እልህ ጥንካሬ መስሎን ስንቱን እግር አበላሽተናል። ጥንካሬማ ማክሰኞ ዕለት በኮቤ ሲሮጥ አይተነው፣ አላወቅነውም።

መቶ አለቃ በሚቀጥለው ሳምንት የኮሚቴውን አዲስ ደንብ ራሳቸው እየተናገሩ ለትምህርት ቤቱ ዲሬክተር አስጻፉ። ወረቀቱ በከሊፋ ሱቅ በር ላይ፣ ከንግድ ፈቃዱ ትይዩ ተለጠፈ። እንዲህ ይላል፦ «ተወዳዳሪ በጫማም፣ በኮቤም፣ በባዶ እግሩም መሮጥ ተፈቅዶለታል። ተፈቅዷል ማለት ታዟል ማለት አይደለም።»

ዲሬክተሩ ብዕሩን እንደያዘ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ትርፍ ናት፣ ማንም የሚያውቀው ነው፣ ትውጣ ብሎ ነበር።

መቶ አለቃ ተቆጡ።

«አትወጣም» አሉ። «እሷን ሃያ ዓመት በር ላይ ተቀምጬ ጠብቄያታለሁ።»